የጥቁሯ ሮድስተር የእናት ወገን

ነገሩ በደህና ስላለቀ ነው ዛሬ የሚሳቅበት። ያን ቅዳሜ ግን፣ በፈረንጅ ሰማንያ ሰባት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወይንሸት ሦስት ሽማግሌዎች አሳፍራ በአትላንታ ዳርቻ ከታከር ወደ ፓይን ሌክ ስትነዳ ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። የአንደኛው ነጠላ ጫፍ በኋላ በር ተቀርቅሮ ውጭ ይውለበለባል። እሷ መሪውን የያዘችው እንደ ሾፌር ሳይሆን ገደል አፋፍ ላይ ቁጥቋጦ እንደጨበጠ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚመርቅ ይከራከራሉ፤ ልክ ልጅ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ።

የሚጠይቁት ልጅ አልነበረም። መኪና ነበር።

መኪናዋ በፈረንጅ የሠላሳ ሁለት ፎርድ ናት፤ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አሜሪካኖች ሮድስተር የሚሏት ዓይነት። ከፋብሪካ እንደወጣች ግን አልቀረችም። ሚስተር ሆሊስ የሚባሉ የባቡር ጥገና ሠራተኛ በወጣትነታቸው የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዋን ከአራቱም ጎማ ላይ አውልቀው ጣሉ፤ የፊት መስታወቷን ቆርጠው አሳጠሩ፤ ወገቧን ዝቅ አድርገው መሬት ልትስም አደረሷት፤ ኮፈኖዋን አንስተው መርኩሪ ከሚባል ትልቅ መኪና የወጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገላጣውን አስቀመጡባት። እንዲህ ተፈታታና ተቆራርጣ ለፍጥነት እንደ አዲስ የተሠራችን አሮጌ መኪና ነው ሆት ሮድ የሚሉት። ሐበሻ ሲያያት «ምነው ሳትጨርሱት ተዋችሁት?» ይላል። ወይንሸት እንዲህ ለሚላት ሰው መልስ አትሰጥም፤ ከላይ እስከ ታች አይታው ትሄዳለች።

እሷ ራሷ ከጋራዥ የበቀለች ናት። አባቷ ከአሰብ ኮምቦልቻ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣልያን ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሞተር መፍታት ያስተማራት መምህር የለም፣ ስለዚህ የምታመሰግነውም የላትም፤ ይህን ስትናገር ትንሽ ቀና ትላለች። በሱዳን በኩል አትላንታ ደርሳ ታከር ካለ የመኪና ጥገና ሾፕ ሥራ ስትጠይቅ «ሰርተፍኬትሽስ?» አሏት። እጇን አሳየቻቸው።

ሚስተር ሆሊስ ያገኟት እዚያው ሾፕ ውስጥ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሎን መያዝ አቅቷቸው መሬት ሲጥሉ፣ አንስተው እንደገና ሲጥሉ አየችና ከእጃቸው ተቀብላ አሰረችው። ቅዳሜ ትሠሪያለሽ ወይ አሏት። በዚያው ሁለት ዓመት ቅዳሜዋን ሁሉ ፓይን ሌክ፣ ከሽማግሌው ቤት ጎን ባለው ጋራዥ አሳለፈች። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ እሷ ትሠራለች፤ አንዳንዴም እሷ ታዝዛለች፣ እሳቸው ይሳደባሉ። ሌላ ባለቤት የቀባባትን ቢጫ ቀለም ልጠው ወደ ጥቁሩ መለሷት። የገባባትን የሼቭሮሌ ሞተር አውጥተው የጥንቱን ዓይነት መርኩሪ ከነሁለት ካርቦራቶሩ ገጠሙላት።

የምር የተጣሉት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሚስተር ሆሊስ ለወንበሩ የሚሆን ቀይ የፕላስቲክ ቆዳ በጥቅል አዝዘው አስመጡ፤ በር ላይ የተቀበሉት ሰፈሩ ሚስ ሎሬታ የሚላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ሚስተር ሆሊስም ወይንሸትን አሮጌውን ቅደጂው አሏት። ወይንሸት ወንበሩን ዳበሰችው። ጥቁር እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ አልቋል፤ ስፌቱ ግን ከዳር እስከ ዳር በበሬ እንደታረሰ ማሳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንድ ክር አልለቀቀም። «እዚህ መኪና ላይ እጁን ካሳረፈ ሰው ሁሉ ይህን የሰፋው ይበልጣል። እርስዎንም ጨምሮ» አለቻቸው። ማን እንደሰፋው ስትጠይቅ የድሮ ነው ብለው አለፉት። ተኮራረፉ። በመጨረሻ ቀዩ ጥቅል ከነመጠቅለያው ጥግ ላይ ቆመ፣ ወንበሩም እንደነበረ ቀረ።

ሚስ ሎሬታ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋራዡን ረግጠውት አያውቁም። ከወጥ ቤት መስኮት ያያሉ፤ ወይንሸት እጇን አንስታ ሰላም ስትል መጋረጃው ይመለሳል።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው መኸር ሚስተር ሆሊስ ሞቱ። ጉድ የመጣው ያን ቀን ነው። ቀብሩ የጆርጂያ ፈረንጅ ቀብር ነበር፤ ሰው እግሩን ገጥሞ ይቀመጣል፣ እንባ ከመጣ በመሐረብ ጫፍ ይነካል፣ ማንም ድምፁን አያሰማም። ወይንሸት ሣጥኑን ስታይ ያደገችበት ወግ ነው እጇን ይዞ የመራት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «እጄ ያሉኝ አባቴ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አያት። ሚስ ሎሬታ ብቻ አልዞሩም። አንድ ሐበሻ እንኳ በዚያ ቢኖር ቆሞ ያግዛት ነበር፤ እዚያ ግን የዕድሜ ልክ ሚስት ዝም ብላ ተቀምጣ አንዲት ወጣት ባዕድ ለሰው ባል ደረት ስትመታ ነው የታየው። በማግስቱ ጋራዡ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ወይንሸት ስልክ ስትደውል ሚስ ሎሬታ ሁለተኛ እንዳትደውል ነግረው ዘጉባት።

ብርዱ እስኪያልፍ አፏን ዘግታ ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን አሠሪዋ ጠርቶ ሥራ ሰጣት። የሚስተር ሆሊስ የወንድም ልጅ በሚስ ሎሬታ ስም ጥቁሯን ሮድስተር አዲስ ለሚከፈት ሬስቶራንት ሊሸጥ ተስማምቷል፤ ባለ ሬስቶራንቱ በሰንሰለት አስሮ ከመጠጥ ባንኮኒው በላይ ጣሪያው ላይ ሊሰቅላት ነው። እንዳትከብድ ሞተሯ መውጣት አለበት። ሾፑን ጠይቀዋል። «ያንን ሞተር የሚያውቀው ካንቺ ሌላ የለም፤ አንቺ ታወጪዋለሽ» አላት አሠሪዋ፣ ደግ የሠራላት መስሎት።

ያ ሞተር ጋራዥ ውስጥ እየተነሳ ይጠፋ ነበር እንጂ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ሚስተር ሆሊስ ጸደይ ሲመጣ እናወጣታለን ይሉ ነበር። አሁን ጸደይ መጣ፤ መኪናዋ እንደታረደ በግ ልትንጠለጠል ነው፣ አንጀቷን የምታወጣው ደግሞ ወይንሸት።

ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ገብረሕይወት ናቸው፤ ቀልድ ነበር ይላሉ። የታክሲያቸውን ፍሪሲዮን ሊያስቀይሩ ሾፑ መጥተው የልጅቷን ፊት አዩ፣ ጠየቁ፣ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ያንጨረጭርሻል፣ ሽማግሌ ላኪባቸው» አሉና ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ቀስ በቀስ ጋሽ ገብረሕይወትም ሳቃቸውን መለሱት።

በዚያው እሑድ ጋሽ ገሠሠ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ገሠሠ አገር ቤት የአውራጃ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ከተማ መሐል የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ግን ቲኬቱን የሚሰጡት ፍርድ እንደሚያነቡ ነው። እንግሊዝኛቸው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሕግ መጽሐፍ የተቀዳ ስለሆነ ሹፌሮቹ ደንግጠው ያመሰግኗቸዋል። ነገሩን ሰምተው እንደ ደንቡ መጠየቅ ጀመሩ።

«ሙሽራዋ ማን ናት?»

«መኪና ናት፣ ጋሼ።»

«ሙሽራውስ?»

«እኔ ነኛ።»

ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሴትዮዋ ልጅ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያማ ልጃቸው ናት» አሉ፤ በዚያው ተፈረደ።

ሦስተኛ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበርና አቶ ተክሌ ተጨመሩ። ሆስፒታል የሚሠሩ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ናቸው። ሁለቱ ኦርቶዶክሶች አንድ ነገር አስጠነቀቋቸው፤ ጸሎቱን እንዳያስረዝሙት። አቶ ተክሌም እናንተ ቅዳሴያችሁን እንዳትጀምሩ እንጂ እኔስ አጭር ነኝ አሏቸው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይህ ነው፤ ነጠላው በበር የተቀረቀረበት።

ወይንሸት ከቤቱ ራቅ ብላ ፓርክ አደረገች፤ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይታይም። ሦስቱ ነጠላቸውን አስተካክለው የበረንዳውን ደረጃ ወጡ። ማዶ ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ማሽኑን አጥፍቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወይንሸት በዓይኗ እንጂ በጆሮዋ አላገኘችውም፤ በኋላ ነው የነገሯት። ሚስ ሎሬታ ሦስት ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲያዩ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለዋቸው እኔ ቸርች አለኝ አሉ። ጋሽ ገሠሠ ስለ ጥቁሯ ልጅዎ ነው የመጣነው አሏቸው። ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ፤ ሲገባቸው እንኳ ጨዋ ሰው ናቸውና ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ ጋሽ ገሠሠ። ጉልበታቸው የታመመው ጋሽ ገብረሕይወት ወንበሩን በዓይናቸው እየሳሙት ቆሙ።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እሺ አሉ?» አለች ወይንሸት።

«እምቢ አሉ» አሉ ጋሽ ገሠሠ በደስታ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ኖ ማለት ኖ ነው።»

«ልጁን የሚወድ ሰው የትም አገር መጀመሪያ እምቢ ነው የሚለው። ወዲያው ውሰዱ ቢሉን ነበር የምሰጋው፤ አንድ ነውር አለባት ማለት ነው።»

አቶ ተክሌ እንደ ደንቡ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ እንደያዙ ጨመሩ። ወይንሸት ግንባሯን መሪው ላይ ጣለችው፤ ጡሩምባው ጮኸ፣ ጎረቤቱ እንደገና ቀና አለ። የሬስቶራንቱ ሰዎች ሰኞ ሳምንት ሊጭኗት እንደሆነ ነገረቻቸው። በሁለት ሳምንት ቢመጡ የሚያገኙት ባዶ ጋራዥ ነው።

ጋሽ ገሠሠ በዳኝነት ዘመናቸው ሁሉ ቀጠሮ አሳጥረው እንደማያውቁ፣ ሽማግሌ ተቻኩሎ ሲታይ ጠያቂው እንደሚቀልል አስረዱ። እያስረዱም በሩን ከፈቱ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ብቻቸውን ያን ሁሉ መንገድ ተመለሱ፣ ደረጃውን ወጡ፣ አንኳኩ። ወይንሸት ያን ጊዜ ያየችውን ጀርባ አትረሳውም፤ ለእሷ ሲሉ ክብራቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ይዘው የቆሙ ይመስሉ ነበር።

ተመልሰው ገቡ። «ቅዳሜ» አሉ።

«ምን አሉ እሳቸው?»

«‹የፈለጋችሁ ቀን ኑ፣ መልሴ ያው ነው› አሉ። በጣም ጥሩ ሴት ናቸው።»

ያን ሳምንት ወይንሸት ሾፕ ውስጥ የብሎን መፍቻ ባነሳች ቁጥር የሰኞው ሥራ ትዝ እያላት መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሥራውን አልሠራም ብትል ሌላ ሰው ያወጣዋል፤ ያውም ሰባብሮ። እሺ ብትል በገዛ እጇ ነው። ምግብ አልበላ አላት። ጋሽ ገብረሕይወት ደውለው ሙሽራ መክሳቱ ደንብ ነው አሏት፤ ስልኩን ዘጋችባቸው።

በሁለተኛው ቅዳሜ አጥሩ ሥር ፓርክ አደረገችና መስኮቱን እስከ ታች አወረደች። ደንብ አይፈቅድም። ደንቡ ይቅር ይበላት።

ሚስ ሎሬታ በረንዳው ላይ፣ በሰንሰለት በተንጠለጠለው ዥዋዥዌ ወንበራቸው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ፊት ለፊታቸው ሦስት ወንበር ተደርድሯል። ሽማግሌዎቹ ወንበሮቹን አመስግነው ቆሙ። ሚስ ሎሬታ እንደ ፈለጋችሁ ብለው መወዛወዛቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ገሠሠ በለቅሶው ጀመሩ። በእኛ ዘንድ፣ አሉ፣ ለሞተ ወዳጅ ድምፅ ያላወጣ እንደ ጠላት ይቆጠራል፤ ያቺ ልጅ አባቷ ሲሞት ስደት ላይ ነበረች፣ አላለቀሰችለትም፤ ለባለቤትዎ ያለቀሰችው የሁለት ሰው ለቅሶ ነው፤ አስከፍታዎት ከሆነ እኛ ስለ እሷ አጎንብሰን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሦስቱም አጎነበሱ። ወይንሸት መኪናው ውስጥ ሆና ከንፈሯን ነከሰች። የአባቷን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ሽማግሌው ከየት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አልጠየቀቻቸውም።

ዥዋዥዌው ትንሽ ቀዘቀዘ። ሚስ ሎሬታ ግን እሺ አላሉም። ጋሽ ገሠሠ ወደሚቀጥለው የደንቡ ነገር ተሻገሩ፤ የልጅቷን ዘር መቁጠር።

«የምን ዘር?» አሉ ሚስ ሎሬታ።

«ማን ወለዳት፣ ማን አሳደጋት፣ በማን በማን እጅ አለፈች። ሊገዙ የመጡት ይህን አልጠየቁዎትም?»

«ስንት ፈረስ ጉልበት አላት ነው ያሉኝ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስ ሎሬታ አዩዋቸው፤ የሚያሾፉባቸው አልመሰሉም። ከዚያ ወሬያቸውን ጀመሩ፣ መጀመሪያ እየቆጠቡ፣ በኋላ እየጣማቸው።

መኪናዋን አዲስ ሆና የገዛት ሊልበርን በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ጎረቤቱ ዱቄት በዱቤ በሚበላበት በዚያ ክፉ ዘመን አዲስ መኪና በሱቁ በር ስላቆመ አገሩ ሁሉ ጠላው። ልጁ ተረከባት፤ ጦርነት መጣና ልጁ ዘምቶ በዚያው ቀረ። አባት ዓይኑ እንዳያያት ዶሮ ቤት ውስጥ ከተታት። አቶ ተክሌ እዚህ ላይ ነፍስ ይማር አሉ፤ ሚስ ሎሬታ ባይገባቸውም አመሰገኑ። ዶሮዎቹ ለዓመታት ሲያድሩባት ኖሩ። ሆሊስ ሞተር ብስክሌቱን ሰጥቶ በለውጥ አወጣት፤ ገና መጋባታቸው ነበር። ብርድ በመጣ ቁጥር እቤት ተቀምጦ ቆራረጣት፣ በየዳት፣ የመርኩሪውን ሞተር ገጠመላት። ያን ጊዜ በዚህ ሁሉ አውራጃ እንደ እሷ የሚሮጥ አልነበረም። ኋላ ይህን ቤት ለመግዛት ሸጧት፣ ማሪዬታ ላለ አንድ የአየር ኃይል ወታደር። ወታደሩ ቢጫ ቀባት። ሚስ ሎሬታ ቢጫ ሲሉ ፊታቸው ሆምጣጤ የቀመሰ መሰለ። እሱ በካርታ ጨዋታ ለጓደኛው ተበላት፤ ጓደኛው የሼቭሮሌ ሞተር አስገብቶ እሽቅድድም ወሰዳትና ከአጥር ጋር አላተማት። ጋሽ ገብረሕይወት የዚህ ሰው ጠባዩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ሰካራም ነበር አሉ ሚስ ሎሬታ። ሽማግሌዎቹ ይህቺን አስቀምጠው አለፏት፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ እዚህ ታከር፣ አንድ ጎማ ቤት ጀርባ፣ ዝናብ እየወረደባት ዓመታት ቆማ ሳለ ሆሊስ ጎማ ሊገዛ ሄዶ አገኛት።

ወይንሸት ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሚስተር ሆሊስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየደጋገሙ አጥንተውባታል። ልክ እንዲህ ነው። አሁን ያበቃል፣ እምቢታውም ይመጣል ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ደግ» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «በአባቷ በኩል ይህ ነው። በእናቷ በኩልስ?»

ጋሽ ገብረሕይወት በኋላ ሲያወሩ በነጠላው ሥር የጋሽ ገሠሠን ክንድ ቆንጥጫለሁ ይላሉ። መኪና ምን እናት አላት? ግን ጋሽ ገሠሠ የእናት ወገን ሳይጠይቁ የአባት ወገን ተቀብለው አያውቁም፤ ደንቡ ነው፣ አፋቸው ራሱ ጠየቀ።

ዥዋዥዌው ቆመ።

ሚስ ሎሬታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን አዩ።

«እናቷ እኔ ነኝ» አሉ።

ድምፃቸው ስለ ሱቁና ስለ ወታደሩ ሲያወሩ የነበረው አልነበረም። የመኪናዋን ወንበር የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሆሊስ ከባቡር ጥገናው የተጣለ የአሮጌ ፉርጎ ወንበር ቆዳ ተሸክሞ መጣ፤ እሳቸው በእናታቸው የስፌት መኪና፣ መርፌው እየተሰበረ፣ ጣታቸው እየደማ፣ ብርዱን ሙሉ ሰፉት። ጋዜጣ መጥቶ ፎቶ ሲያነሳ ሆሊስ ሞተሩን ማን እንደሰጠው፣ ብየዳውን ማን እንዳገዘው አንድ በአንድ ተናገረ። ስለ ወንበሩ ግን፣ በራሱ የበቀለ ይመስል፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ጎማ ቤቱ ጋ ያገኛትም እሱ አይደለም» አሉ። «ቢጫ ሆና፣ ሌላ ሞተር ገብቶባት፣ አጠገቧ አልፎ ሄደ። ወንበሩን ያየሁት እኔ ነኝ። የገዛ ስፌቴን አጣዋለሁ? ‹ሆሊስ፣ የእኛ ናት› አልኩት። እስኪሞት ድረስ ግን እኔ አገኘኋት እያለ አወራ፣ እኔም አስወራሁት።»

ሚስ ሎሬታ አገጫቸውን ወደ አጥሩ፣ ወይንሸት ወዳለችበት መኪና ቀና አደረጉ።

«ያቺ ልጃችሁ ደግሞ ስፌቴን ቀድዳ ጣለችው። ቀዩን ጥቅል በር ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ቀድዳ ጣለችውና ቀብሩ ላይ መጥታ ከእኔ አብልጣ አለቀሰች። አሁን ልጅሽን ስጪኝ ትላለች?»

ወይንሸት ከመኪናው እንዴት እንደወጣች አታውቅም። በሩን አልዘጋችም። ሙሽራ ሽማግሌ በቆመበት ብቅ ማለቱ ነውር ነው፤ ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን አንስተው ሊመልሷት ሞከሩ። እሷ ግን ደረጃው ሥር ደርሳ ነበር።

«አልቀደድኩትም» አለች። «ቅደጂው አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። አንድ ሳምንት ተኮራርፈናል። ይክፈቱና ይዩት።»

ሚስ ሎሬታ ተነሱ። ቁልፉ ከሽርጣቸው ኪስ ወጣ፤ እዚያው ይዘውት ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ደረጃውን ወረዱ፣ በወይንሸት አጠገብ ሳያዩዋት አለፉ፣ ጋራዡን ከፈቱ። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ጥቁሩ ላይ ተንሸራተተ። ቀዩ ጥቅል ከነመጠቅለያው ጥግ ላይ ቆሟል፣ አቧራ ለብሷል። መኪናዋ ውስጥ ወንበሩ እንዳለ አለ። ወይንሸት የተበላውን ጠርዝ ብቻ በቀጭን ጥቁር ክር ይዛዋለች፤ መሐሉን አልነካችም።

ሚስ ሎሬታ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት። መሐል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ እዚያች ቦታ ላይ መርፌ እንደተሰበረባቸው ተናገሩ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ጠርዙ ላይ ደረሱ።

«ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጠማማ ነው» አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፣ ትከሻቸው ግን የሆነ ሸክም እንደወረደለት ሰው ዝቅ ብሏል። «አሳይሻለሁ።»

ወይንሸት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ጠማማ ነው ተብላ አልተቆጣችም። የሚስተር ሆሊስን በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በረንዳው ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው። የጋሽ ገብረሕይወት ጉልበት ከሩቅ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሚስ ሎሬታ ከጋራዡ በር ሆነው አሁንስ አትቀመጡም ወይ አሏቸው። ጋሽ ገሠሠ ጉዳያችን አልተመለሰም አሉ።

«ውሰዷት» አሉ ሚስ ሎሬታ። «ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።»

ሦስቱም አንድ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበሮቹ ሲጮሁ ማዶ ያለው ጎረቤት ሰማ። አቶ ተክሌ ጸሎት ጀመሩ፣ አስረዘሙትም፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

ሚስ ሎሬታ ያኔውኑ ለባላቸው የወንድም ልጅ ደውለው ልጄን ድሬያለሁ አሉት። ምን እንደመለሰ አይታወቅም፤ ስልኩን ግን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይዘውት ነበር። በዋጋው አልተካሰሱም። ሬስቶራንቱ የሚሰጠውን ሚስ ሎሬታ አልጠየቁም፣ ወይንሸትም በነፃ አልወስድም አለች፤ የቀረውን ጋሽ ገሠሠ ፈረዱ።

ባትሪው ሞቶ ነበር። ይገፋ ተባለ። የፓይን ሌክ ሰው በዚያ ከሰዓት ያየውን እስከ ዛሬ ያወራል፤ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አንዲት ጥቁር ራቁት መኪና ቁልቁል ሲገፉ፣ መሪው ላይ አንዲት ወጣት፣ ከጎኗ በአበባማ ሻሽ ፀጉራቸውን ያሰሩ አሮጊት። ወይንሸት ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ አንዴ ተኮሰ፣ ከዚያ ስምንቱም ሲሊንደር ባንድ ድምፅ ተነሳ። ጋሽ ገብረሕይወት ታማሚውን ጉልበታቸውን ረስተው ዘለሉ። ሚስ ሎሬታ ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ ሌላው እጃቸው ወንበሩ ላይ፣ ስፌታቸው ላይ ነበር።

ሬስቶራንቱ ኋላ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የሠላሳ ሁለት ፎርድ ቅርፊት አግኝቶ ሰቀለ። ወይንሸት ሄዳ አይታዋለች። የሚበላው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። በጣም ደስ ብሏት ወጣች።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን ግን ስቶን ማውንቴን መንገድ ላይ ቤንዚን ሊቀዱ ቆሙ። አንድ ትልቅ ሰው የራሱን መኪና ትቶ መጣ፣ ሮድስተሯን ዞራት፣ ባርኔጣውን አወለቀና ማን ሠራት ብሎ ጠየቀ። ወይንሸት አፏን ከፍታ የሚስተር ሆሊስን ስም ልትጠራ ስትል ቆመች። አሁን ደንቡን አውቃለች።

«በአባቷ በኩል ሆሊስ ነው» አለች። «በእናቷ በኩል ደግሞ…»

«በእናቷ ጀምሪ» አሉ ሚስ ሎሬታ ከጎኗ።